መሸከምና እርካብ መያዝ

ባገራችን ቋንቋ ልጅ በእርጅና ዘመን ለወላጁ የሚሆንለት ነገር ሁለት ስም አለው። አንደኛው ጧሪ ነው፤ ሁለተኛው ምርኩዝ ነው። ጧሪ ማለት ወላጁ ሠርቶ መብላት ሲሳነው የሚመግበውና የሚያለብሰው ማለት ነው። የምርኩዝ ትርጓሜ ግን ከዚህ ልዩ ነው። ምርኩዝ ሰውን አይመግብም፤ አያለብስም፤ ተሸክሞም አይሄድም። ሥራው ሰውዬው በገዛ እግሩ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ወደ ፈለገው ሥፍራ ሲሄድ መደገፍ ብቻ ነው። ወላጆቻችን ልጃቸውን "ምርኩዜ" ብለው ሲጠሩ ይህን ልዩነት አስበውት ይሁን ሳያስቡት ለመወሰን አንደፍርም። ነገር ግን በቃሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተሰውሮ እናገኛለን፤ ይኸውም፦ የወላጆቻችን ጕልበት በደከመ ጊዜ የኛ ግዴታ እነርሱን መሸከም ነውን? ወይስ እነርሱ ራሳቸው እንዲሄዱ ማድረግ ነው? የሚል ነው።

"የደከመን ማንሣት ጽድቅ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ምርምር ያሻዋል?" የሚሉ ሰዎች እንደማይጠፉ እናውቃለን። እኛም አስቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን እንድንለውጥ ያደረገን በ2011 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በጋይንት መንገድ ላይ ያየነው ነገር ስለ ሆነ፤ ስለ አገሩ ጥቂት ከተናገርን በኋላ ወደዚያው እንገባለን።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙ አገሮች ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በበላያቸው ቆሟል፤ በበታቻቸው ደግሞ በሽሎና ዓባይ መሬቱን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ስለዚህ ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ ንፋስ መውጫ የሚደርስ መንገደኛ ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን በአንድ ጕዞ ያያቸዋል። ንፋስ መውጫ ራስዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና ስሟ በከንቱ አልወጣላትም። እንዲህ ባለ አገር መውጣትና መውረድ የዘወትር ኑሮ ነው። ጕልበቱን ያጣ ሰው ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የዘመድ ለቅሶውንና ሰርጉን ሁሉ አብሮ ያጣል።

መኪና ሳይገባ በፊት፣ ዛሬም ቢሆን መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ፣ አቅም ያነሰው ሽማግሌ የሚሄደው በበቅሎ ነው፤ ፈጽሞ የታመመውም በቃሬዛ ነው። በበቅሎ አወጣጥ ላይ ያለውን ሥርዐት ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ይማርበታል። ልጅ አባቱን አቅፎ ከኮርቻው ላይ አያስቀምጠውም። በቅሎዋን ከድንጋይ ወይም ከመደብ አጠገብ አስጠግቶ ያቆማል፤ ኮርቻው እንዳይዞርም ከማዶ በኩል ያለውን እርካብ ቁልቁል ይዞ ይጠብቃል። አባትዬው ግን የሚወጣው በራሱ ጕልበት ነው። ከወጣም በኋላ ልጓሙን የሚጨብጠው ራሱ ነው። እርካብ መያዝ የአሽከር ሥራ ቢባልም ልጅ ለአባቱ ሲሠራው ለሁለቱም ክብር ይሆናል።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ርዝመቱም ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን ርዳታ ተሠራ፤ ሕዝቡም "የቻይና መንገድ" ብሎ ይጠራዋል። ይህ መንገድ ለአገሩ ያመጣውን ጥቅም የሚክድ የለም። የሳምንት መንገድ የቀን መንገድ ሆኗል፤ በሽተኛ ከሐኪም፣ ገበሬ ከገበያ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ተገናኝቷል። ነገር ግን በቅሎዋ ከመንገዱ ስትወጣ እርካቡም አብሯት ወጥቷል። የአውቶቡስ የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት የሚርቀው በወጣት ጕልበት ልክ ነው፤ አጠገቡ መደብ የለም፤ ከማዶ ሆኖ እርካብ የሚይዝም የለም።

በተባለው ዓመት የልደትን በዓል ላሊበላ ለማክበር የሚሄዱ ምእመናን ንፋስ መውጫ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ እኛም በመካከላቸው ነበርን። ከስማዳ በኩል የመጡ አንዲት ቆብ የደፉ እናትም ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ይመስላል፤ ቀኝ ጕልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ልጃቸውም አጠገባቸው ቆሟል። ተራቸው ደርሶ ከበሩ ሲጠጉ ረዳቱ ምርኩዙን ከእጃቸው ተቀበለና ከስልቻው ጋራ ወደ ፖርቶ መጋላው ሰደደው። ልጃቸውና አንድ ሌላ ጐልማሳም ከግራና ከቀኝ ገብተው ብድግ አድርገው ከመቀመጫው ላይ አኖሯቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያየው ሰው ሁሉ "ተባረኩ" አላቸው፤ እኛም ብለናል።

እማሆይ ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ረዳቱን፤ "ልጄ፤ ምርኩዜን መልስልኝ" አሉት።

"ምን ያስጨንቅዎታል እማሆይ? እኛ አለንልዎ አይደለም እንዴ?" አለ እርሱም በትሕትና።

"አንተማ አለህልኝ፤ ዕድሜ ይስጥህ። አንተ በወረድህ ጊዜ ግን እኔ በምን እቆማለሁ?"

ምርኩዙ ከጭነቱ ሥር ገብቶ ስለ ነበረ እስከ ላሊበላ ድረስ አልወረደም። አውቶቡሱ በጨጨሆና በጋሸና ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ሲንቀሳቀስ እማሆይ ከቦታቸው አልተነሡም። ልጃቸው "እማዬ፤ ላውርድሽ ወይ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ቢጠይቃቸው "ይቅር፤ ደኅና ነኝ" አሉት። ውሃ ቀርቦላቸውም አልቀመሱም። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለ ሆነ የጾም ሰዓት የሚጠብቁ መስሎን ነበር። የጾሙ ሰዓት አልፎ፣ ፀሐይም ዘቅዝቃ፣ ሁሉም እህል ውሃ ሲቀምስ እርሳቸው ከንፈራቸው ደርቆ መቀመጣቸውን ባየን ጊዜ ምክንያቱ ገባን። ውሃ የጠጣ ሰው መውረድ ያስፈልገዋል። ለመውረድም በሁለት ጐረምሶች እቅፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዳግመኛ መነሣትና መቀመጥ ሊኖር ነው። እናቲቱ ከዚህ ይልቅ ጥማቱን መረጡ።

በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ረዳቱ ትሑት ነበር፤ ልጁ እናቱን ይወዳል፤ ሌላው ጐልማሳ የማያውቃቸውን ሴት ያለ ዋጋ ረድቷል። ታዲያ ክፉ ሰው ሳይኖር እኒህ እናት በውሃ ጥም ቀኑን ያሳለፉት በምን ምክንያት ነው? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዕቃ ይጫናል፤ ሰው ግን ይሳፈራል። የሚጫነው ነገር ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚወርድ አይጠየቅም። የሚሳፈር ግን ፈቃድ ያለው ነው። እማሆይን ያነሧቸው እጆች ሰውነታቸውን በፍቅር ሲያነሡ ፈቃዳቸውን ግን ከምርኩዙ ጋራ ከጣራው ላይ ጭነውታል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፦ "አምሳ ሰው ቆሞ አንዲት አሮጊት በገዛ እግራቸው እስኪወጡ መጠበቅ አለበትን? የሕዝብም ጊዜ ዋጋ አለው" የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጊዜ ዋጋ አለው። ነገር ግን ያው አውቶቡስ በግ ለመጫን፣ ጆንያ ለማሰር፣ ባለ ሂሳቡን ለመፈለግ ሲቆም ማንም ሰዓቱን አልተመለከተም። ችኰላችን የሚነሣው ደካማ ሰው ከፊታችን በቆመ ጊዜ ከሆነ፤ የጐደለብን ጊዜ ሳይሆን ትዕግሥት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልጆች ዘንድ የሚመጣ ነው፤ "ለምን ይንገላታሉ? ቤታቸው ተቀምጠው ቢጸልዩስ? ቢወድቁ ማን ይጠየቃል?" ይላሉ። ይህ ቃል ከፍቅር የሚወጣ ስለ ሆነ ልንንቀው አይገባም፤ የአረጋዊ አጥንት ተሰብሮ በቶሎ አይጠገንምና። ነገር ግን ሳንሸሽግ እንጠይቅ፤ ወላጃችን እንዳይወድቅ የምንፈራው ለእርሱ ብለን ነውን? ወይስ ወድቆ እንዳንጸጸት፣ ሰውም እንዳይወቅሰን ለራሳችን ብለን ነው? ብዙ ጊዜ ሁለቱ ፍርሃቶች ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንድ ሰው ሰባ ዓመት ሙሉ ዐቀበትና ቁልቁለት ሲለካ ኖሮ፣ የሚቀረውን ዘመን በምን እንደሚያሳልፈው የመምረጥ መብቱን ጕልበቱ ስለ ታመመ ብቻ አያጣውም። የጕልበት መድከም የአእምሮ መድከም አይደለም። አደጋውን ልንነግረው፣ መንገዱን ልናቃናለት ይገባናል፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው የእርሱ ነው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በልጆች ላይ ብንጥል ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ምርኩዝ መያዝን የሚያፍሩ፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ መታየትን እንደ ሞት የሚቈጥሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። "እገሌ አረጀ፤ ምርኩዝ ያዘ" እንዳይባሉ ብለው ከቤት አይወጡም። ለዚህ ኀፍረት መልስ የሚሆነውን ደግሞ በዚያው ጕዞ ላሊበላ ላይ አየነው። በልደት ንጋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ ወጣቱም ሽማግሌውም ከነመቋሚያው ነበር። እማሆይም ምርኩዛቸው ተመልሶላቸው በሕዝቡ መካከል ተደግፈው ቆመው ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደካማው ማን፣ ብርቱው ማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም።

መቋሚያ ለነዚህ አገሮች እንግዳ አይደለም። የድጓው ቤት ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ቤት ዙር አምባ በጋይንት ናቸው፤ ስሙ ለዜማ ስልት የተሰጠው ቆማ በእስቴ ነው። በነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሃያ ዓመት ጐበዝ መቋሚያ ይይዛል፤ ሲቆም ይደገፈዋል፤ ሲዘም ያነሣዋል ይጥለዋል፤ ማንም "ደከመ" አይለውም። አባቶች ረዥሙን ማሕሌት ለመቆም ሥጋ ድጋፍ እንደሚሻ ያለ ኀፍረት አምነው ድጋፉን የክብር ዕቃ አደረጉት። ያዕቆብም በእርጅናው በበትሩ ጫፍ ተደግፎ መስገዱ በመጽሐፍ ተመስክሮለታል። እንግዲህ መቋሚያ የያዘውን ደብተራ የሚያከብር አገር፣ ምርኩዝ የያዘችውን እናት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን አባት የሚያሳፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? ሁሉም እንጨትና ብረት ናቸው፤ ሁሉም ሰው ወደ ወደደው ሥፍራ እንዲደርስ የሚያገለግሉ ናቸው።

በጥንት ግሪኮች ተረት ስፊንክስ የተባለችው አውሬ ለመንገደኞች እንቆቅልሽ ታቀርብ ነበር፦ ጧት በአራት፣ ቀትር በሁለት፣ ማታ በሦስት እግር የሚሄድ ምንድን ነው? መልሱን ያገኘው ኤዲፐስ ነው፤ ሰው ነው አለ። በልጅነት በእጅና በእግር ይድሃል፤ በጕልምስና በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ በእርጅና ምርኩዝ ይጨምራል። እኛ ከዚህ እንቆቅልሽ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። እንቆቅልሹ ምርኩዙን ከእግሮቹ ጋራ ቈጥሮታል እንጂ እንደ ሸክም አላየውም። እማሆይም ምርኩዛቸው ከጣራ ላይ በወጣ ጊዜ የተሰማቸው አንድ እግራቸው እንደ ተወሰደባቸው ነው።

"በፍጹም መራመድ ያልቻለውስ? እርሱን መሸከም ግድ አይደለምን?" ለሚሉ፤ አዎን፤ ግድ ነው። የዕድር ሰዎች ሌሊት ተጠራርተው በሽተኛ በቃሬዛ ከገደል አውጥተው የሚያደርሱበት አገር ስለ መሸከም ከማንም ትምህርት አይፈልግም። ነገር ግን መሸከምም ወግ አለው። የሮማው ባለ ቅኔ ቨርጂል ስለ ኤንያስ ሲተርክ፤ ትሮይ በእሳት ስትጋይ ልጁ ሽማግሌ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ አወጣው ይላል። ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚረሳው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። አባትዬው አንኪሴስ "አልሄድም" ብሎ ነበር። ልጁ ለመነው እንጂ እሳት ነደደ ብሎ በግድ አላነሣውም። አባቱ ምልክት አይቶ በፈቀደ ጊዜ ነው ትከሻውን ያቀረበለት። በትከሻ ላይም ሆኖ የቤቱን ጣዖታት የያዘው አባትየው ነበር። የተሸከሙት ሰው እንኳ የሚይዘው ነገርና የሚሰጠው ፈቃድ እንዳለው ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ሰፊው ዓለም ጥቂት እንመልከት። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ ዋልት ዲስኒ ዎርልድ የተባለ እጅግ ሰፊ የመዝናኛ ሥፍራ አለ። ሕዝቡ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚመላለሰው በአውቶቡስ፣ በጀልባና በአየር ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ነው። እዚያ አረጋውያን ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ወይም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ጋሪ ይከራያሉ፤ አውቶቡሱም ከወለሉ መወጣጫ ሳንቃ ይዘረጋላቸዋል። በዚያ አገር ከተሞች አሮጊት ባየ ጊዜ በበሩ በኩል ዝቅ የሚል አውቶቡስ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ድርጅት ቸርነት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የአገሪቱ ሕግ ያስገድዳል። ባገራችን ልጅ እግር ሰው ሽማግሌ ባየ ጊዜ ከበቅሎው ይወርድ ነበር፤ ከመቀመጫውም ይነሣ ነበር። እነዚያ ያንኑ ጨዋነት በብረት ሠርተውታል ብንል አንሳሳትም።

ነገር ግን ብረት ብቻውን አይበቃም። ዝቅ የሚል አውቶቡስ ባለበት አገር የሚጠይቃቸው ልጅ አጥተው በመጦሪያ ቤት የሚቀመጡ አረጋውያን አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጁም ትከሻውም ሞልቶ ደረጃው ከፍ ብሎ ቀርቷል። አዲስ አበባ የሚኖሩ ልጆች ከጋይንትና ከእስቴ የመጡ ወላጆቻቸውን በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን የአንድነት ፓርክን፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውንም የእንጦጦ ፓርክን ሊያሳዩ ይወስዳሉ፤ መልካም ነው። ከበሩ ሲደርሱ ግን "አንቺ እዚህ ጥላው ሥር ቁጭ በይ፤ እኛ አይተን እንነግርሻለን" የሚል አይጠፋም። ይህን ከማለት በፊት "እስከ የት ልትሄጂ ትወጃለሽ? ተሽከርካሪ ወንበር ብንፈልግልሽ ትቀመጪበታለሽ?" ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለበትም።

ሕጉማ እኛም ዘንድ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጕዳተኞችን እንዲደግፍ ግዴታ ጥሎበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቍጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች አካል ጕዳተኞች እንዲገቡባቸው ሆነው እንዲሠሩ አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጕዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የቀረው ከወረቀት ወደ ድንጋይ ማውረድ ነው። ስለዚህ የመናኸሪያና የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆነ ሰው እርካቡ በእጁ ነው፤ ከአውቶቡሱ በር ፊት አንድ የተገነባ መደብ፣ ከቢሮው ደጃፍ አንድ መወጣጫ የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው። መምህር የሆነ ሰው ተማሪዎቹን ለሽማግሌ ቦታ መልቀቅን ብቻ ሳይሆን፣ ከማንሣት በፊት መጠየቅን ያስተምራቸው። ተማሪ የሆነ ደግሞ በዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን በአባትና በእናቱ ላይ ይጀምረው።

ነገሩ ከባድ አለመሆኑን ከዚያው ጕዞ በተረፈው እንጨርስ። በዓሉ አልፎ ወደ ንፋስ መውጫ ስንመለስ ከእማሆይ ጋራ እንደ ገና አንድ መኪና ገጠመን። ረዳቱ ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። ልጃቸው እንደ ልማዱ ሊያነሣቸው ጐንበስ ሲል ረዳቱ በእጁ አቆመውና፤ "እማሆይ፤ የሚያስቀድሙት በየትኛው እግርዎ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው።

"በግራዬ" አሉ።

ከሻይ ሻጭዋ ዘንድ የለስላሳ ሣጥን ለምኖ አመጣና ከበሩ ሥር ገልብጦ አኖረው፤ እንዳይነቃነቅም በእግሩ ረገጠው። እማሆይ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው የበሩን ብረት ይዘው፣ ግራ እግራቸውን አስቀድመው ወጡ። ሰዓታችንን ብንመለከት አራት ደቂቃ አልሞላም። ምርኩዛቸውን በጕልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ።

ጋሸና ላይ መኪናው ሲቆም ከሁሉ አስቀድመው የወረዱት እርሳቸው ነበሩ። ጾሙም ተፈትቶ ነበርና ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ። ልጃቸው ሂሳቡን ሊከፍል ቢል ከለከሉትና ከመቀነታቸው ፈትተው የእርሱንም ጨምረው ከፈሉ።